ፒካፗን የሚገፋልኝ ሰው

ሰኞ

ፒካፔ ዛሬም አልነሳ አለችኝ። ቁልፉን ሳዞር ጠክ ብላ ዝም። ማሻ ከተማ በዚህ ክረምት ጠዋት ጠዋት ብርዱ እጅ ያደነዝዛል። በረከት እንደ ወትሮው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ከግቢያችን የኋላ ክፍሉ ወጣና እስከ ቁልቁለቱ ገፋልኝ። "ብርዱ ነው ባክህ፤ ናፍጣ ብርድ አይወድም" አለ። እግዜር ይስጠው። ሚዜዬ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

ጭንቀቴ ባለቤቴ አስቴር ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን በኦፕራሲዮን ስለወለደች፣ አሁንም ምጥ እንደጀመራት ሚዛን ሆስፒታል አድርሳት ተብያለሁ። ቀኗ ደርሷል። ጠዋት ቢይዛትስ?

ማክሰኞ

ባትሪውን አጸዳሁ። ጫፎቹ ላይ የጋገረውን ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ አስለቅቄ፣ አጥብቄ አሰርኩና እንዳይዝግ ግራሶ ቀባሁ። የሞተር ማሞቂያዋ ምልክት መብራት ሳይጠፋ ቁልፍ እንዳላዞር ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ችኩል ነኝ። ቴፒ ድረስ ሰው አድርሼ ተመለስኩ። ያን ሁሉ መንገድ ሲሞላ የዋለ ባትሪ ነገ እምቢ ካለ ጉድ ነው።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከተማው መብራት የለውም። በሻማ ነው የምጽፈው። ከቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ ይሰማል። በረከት ኪቦርዱን ሲያስለቅሰው! አስቴር በረንዳ ላይ ሆና አብራ ትዘምራለች።

ረቡዕ

ጠክ።

በረከት ገፋ። "አርጅቷል፤ አዲስ ባትሪ ግዛ" አለኝ። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። የቀባሁት ግራሶ ተጠርጓል፤ ማሰሪያው በእጅ ይዞራል። አጥብቄ ነበር እኮ! ወይስ አላጠበቅሁም? ራሴን ተጠራጠርኩ።

ሐሙስ

አመሻሽ ላይ ሻማ ልገዛ ወጣሁ። መንገዱ ጨልሟል። ከቤተ ክርስቲያን ኪቦርዱ ግን ይሰማል። ቆምኩ። በምን መብራት?

ገባሁ። ባትሪዬ ከድምፅ ማጉያው ሥር ተቀምጧል፤ ሽቦው በኔ ግራሶ ጠቁሯል። በረከት ሲያየኝ ጣቱ ደረቀ። "ለጌታ ሥራ ነው፤ ልነግርህ ነበር" አለ። መዘምራኑ ደግሞ "ወንድማችን፣ ለአገልግሎት ስለሰጠኸን ተባረክ" አሉኝ። ሰጠን ብሏቸዋል ለካ! ምን ልበል? አሜን አልኩ።

ባትሪውን ተሸክሜ መጥቼ አልጋችን ሥር አስገባሁት፤ እዚያ አይበርደውም። የፒካፗን መለዋወጫ ቁልፍ አምኜ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ማታ ወስዶ ይጨርሰዋል፣ ሳልነቃ ይመልሰዋል፣ ጠዋት ተነስቶ ይገፋልኛል። ከሁሉ ያንገበገበኝ መግፋቱ ነው። በየቀኑ እመርቀው ነበር። የአስቴርን ነገር ደግሞ ከኔ እኩል ያውቃል። ከዳኝ።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ አስቴርን ምጥ ያዛት። ባትሪውን መልሼ አሰርኩ። ጠክ። ባዶ ነው፤ በምን ይሞላ? አስቴር ጋቢና ውስጥ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። ግቢው ውስጥ ከበረከት ሌላ ወንድ የለም። ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ አልወጣልኝም።

ሳልጠራው መጣ። ብርድ ልብስ አልደረበም። በትከሻው ገፋ። ቁልቁለቱ ላይ ተነሳች። በስፖኪዮ ሳየው ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወድቋል። አልቆምኩም። ሚዛን እስክገባ ሞተር አላጠፋሁም።

ቅዳሜ

ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ተመስገን። ሚዛን ሞቃት ነው፤ እኔ ግን ፒካፗን ፊቷን ወደ ቁልቁለት አዙሬ ነው ያቆምኳት።

አስቴር ምንም አታውቅም። "ለበረከት ደወልክለት? ስንቴ የገፋልን ሰው!" አለችኝ። እሱ ከትናንት ጀምሮ ደጋግሞ ይደውላል፤ አላነሳሁም። "ደውዬለታለሁ" አልኳት።

መለዋወጫ ቁልፉ አሁንም እሱ ጋ ነው። ስመለስ ልቀበለው? እንጃ። ስልኩ እንደገና እየጠራ ነው።