ክር የሌለው ስፌት

ሰኞ፣ የካቲት 3

«ከመተኛትሽ በፊት ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወረቀት ላይ አራግፊው» አለችኝ በሰርቪሴ የምትሳፈረው ነርስ። ይኸው፣ እያራገፍኩ ነው። ምን አለ ጭንቅላቴ ውስጥ? ከእንቅልፍ በቀር ሁሉም አለ።

ዛሬም እንደ ሁልጊዜው የሆስፒታሉን ሠራተኞች በሰርቪስ አደረስኩ። ሁሉም ተኝተው። ነርሷ መስኮቱን ተደግፋ፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ አፏን ከፍታ፣ የመጋዘኑ ሰውዬ ያቺን የአንገት ትራሱን ጠምጥሞ... ጋሽ ትራስ ያልነው በእሷ ነው። አውቶቡስ ሙሉ እንቅልፍ ጭኜ እየነዳሁ ለእኔ የሚተርፍ ይጥፋ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ስገላበጥ አደርኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የፈራሁት ደረሰ።

ሰው አውርጄ ስመለስ ነው። አውቶቡሱ ባዶ፣ ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ ደረቴ ላይ ተኝታለች። ለስለስ አለኝ። ዓይኔን የከደንኩ እንኳ አልመሰለኝም። መንገዱ ብቻ ረዘመ... ዛፎቹ ከጎኔ ቀስ ብለው በእግራቸው የሚሄዱ መሰለኝ። ከዚያ ጓ አለ። የቀኙ ስፖኪዮ ከምሰሶ ጋር ተላትሞ ረገፈ።

ሰው አልነበረም። ቢኖርስ?

የስምሪት ኃላፊው ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እህቴ፣ ስፖኪዮ ይገዛል» አለ ረጋ ብሎ። «ሰው ግን አይገዛም። ቁልፉን አስቀምጪና ዕረፍት ውጪ። የፊታችን ሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ነይ። ተኝተሽ ከመጣሽ መኪናው ያንቺ ነው። ካልሆነ ለሌላ ሹፌር እሰጠዋለሁ።»

ለእማ ዕረፍት ወጣሁ ብቻ አልኳት። ለእሷ ይህን እንዴት ብዬ ልንገራት?

እሑድ፣ የካቲት 9

ምክር እንደሆነ ሞልቷል። ነርሷ፦ ከምሳ በኋላ ቡና አትጠጪ፣ ስልክሽን አልጋ ላይ ይዘሽ አትውጪ፣ ተኛሽም አልተኛሽም ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሺ። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ አልጋው ውስጥ አትታገዪው፤ ተነስተሽ ቁጭ በይ፣ ሲመጣ ትመለሻለሽ። ጋሽ ትራስ ደግሞ ደውሎ «እግርሽን ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ» አለኝ። ሁሉንም አደረግኩ። እግሬ ንጹሕ ነው። ዓይኔ ፍጥጥ ብሏል።

እማ ከመጋረጃው ወዲያ ነው የምትተኛው። ማታ ማታ «ተኛሽ?» ትለኛለች። እንዳታስብ ብዬ ዝም እላለሁ። ቆይቼ እኔ «እማ፣ ተኛሽ?» እላታለሁ። ዝም። እሷ እንኳን ተኛች እላለሁ።

የዓይኗን ሞራ ካስወጣች ወዲህ ሐኪሙ ስፌት ለጊዜው ከልክሏታል። የስፌት መኪናዋ አንሶላ ለብሳ፣ እንደ ተኮራረፈ ሰው ጥግ ይዛለች። ቤቱ ጭር ብሏል... ለእንቅልፍ እንዲህ ያለ ጸጥታ የት ይገኛል?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ነርሷን ላማክር ብዬ በገዛ ሰርቪሴ ተሳፋሪ ሆኜ ሄድኩ። ጋሽ ትራስ «ዛሬ ገና ከእኛ ወገን ሆንሽ» ብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

ሞተሩ ከወንበሩ ሥር እምምም ይላል። መስታወቱ ይንቀጠቀጣል... ትንሽ ልጅ ሆንኩ። ከእማ ጠረጴዛ ሥር ነኝ። ከላይ ሰማያዊ ጨርቅ እንደ ወንዝ ይወርዳል፣ ቁርጥራጭ ክር ፀጉሬ ላይ ያርፋል፣ የእማ እግር ከፍ ዝቅ...

ስነቃ አውቶቡሱ ውስጥ ማንም የለም። የጋሽ ትራስ ትራስ አንገቴ ላይ ነው።

ነርሷ ስነግራት አልሳቀችም። «ቤታችሁ ጸጥታ ነው ወይስ ጫጫታ?»

«ኧረ ጭር ያለ ነው።»

«ከድሮም?»

ከድሮማ አይደለም። ከተወለድኩ ጀምሮ የእማ የስፌት መኪና ትክ ትክ ሳትል ተኝቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ትናንት ማታ እንደልማዷ «ተኛሽ?» አለች።

«አልተኛሁም።»

«እኔም» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መኪናዋን ከተውኩ። እግሬ አላርፍ አለኝ፤ አልጋ ውስጥ ይረግጣል።»

«ታዲያ ስጠራሽ ለምን ዝም ትያለሽ?»

«እንዳትሰጊ ነዋ። አንቺስ?»

ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ለካ ሁለታችንም እያስመሰልን ነው የምናድረው። ሳቁ ሲያልፍ የስፖኪዮውን ነገርኳት። የቁልፉንም። እዚህ ላይ አልሳቀችም። ስትነሳ ሰማሁ። አንሶላው ሲገፈፍ ሰማሁ።

«እማ፣ ዓይንሽ!»

«ፔዳል በዓይን ይረገጣል እንዴ?»

መብራት አላበራችም። በዳሰሳ ክሩን መዘዘች፣ መርፌውን ነቀለች። ከዚያ ባዶውን መርገጥ ጀመረች። ትክ ትክ ትክ ትክ... ጨርቅ የለ፣ ክር የለ፣ ጨለማውን የምትሰፋው መሰለኝ። እኔም እንደ ብርድ ልብስ ከሥሩ ገባሁ...

እስከዚህ ነው የማስታውሰው።

ሰኞ፣ የካቲት 17

የስምሪት ኃላፊው ፊቴን አገላብጦ አየው። «ኪኒን ነው የወሰድሽው?»

«እናቴ ናት።»

አልገባውም። ቁልፉን ግን ሰጠኝ። አዲሱ ስፖኪዮ ሲያምር።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ጠዋት እማ ኮስተር ብላ ጠበቀችኝ።

«ማታ ‹ተኛሽ?› ብዬሽ ዝም አልሽኝ። ያ ማስመሰልሽ ተመለሰ ብዬ ከመኪናዋ ተነሳሁና መጋረጃውን ገለጥኩ።»

«እሺ?»

«አፍሽን ከፍተሻል።»

ስትጠራኝ አልሰማኋትም። መርገጥ ስታቆምም አልሰማሁም። «አንቺስ ከዚያ በኋላ ተኛሽ?» አልኳት።

«እንጃ» አለች። «መጋረጃውን መመለሴን አላስታውስም።»

ዞር ብዬ አየሁ። እንደተገለጠ አድሯል።