በገዛ እጄ ስለከፈትኩት ፖስታ

ለተከበሩ የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ አቻ ግምት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ መስኮት ቁጥር አራት ላይ የሚቀመጡት ትሑት ሠራተኛዎም፣ ከጀርባቸው የቆመው የብረት ቁምሳጥንም እንደምን ሰንብታችኋል? የቁምሳጥኑን ጤንነት መጠየቄ አይግረምዎት፤ የልጄ ሦስት ዓመት እዚያ ውስጥ ስለተቀመጠ ደኅንነቱ ያሳስበኛል። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሱቅ መጽሐፍ የምጠርዝ፣ ተማሪዎች «አባባ ሙጫ» የሚሉኝ ሰው ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በጥቁር ልባስ ጠርዤ፣ ስማቸውን በወርቃማ ፊደል አትምላቸዋለሁ። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ አሽጌ እንዳልልክልዎት ፖስታ የሚባል ነገር ያስፈራኛል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ትልቋ ልጄ በጎረቤት አገር ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ስትማር ቆይታ፣ አንድ ዓመት ብቻ ሲቀራት እናቷ የአልጋ ቁራኛ ሆነች። ልጄም የሦስተኛ ዓመት ውጤቷ እስኪወጣ እንኳ ሳትጠብቅ፣ የቀረውን እዚሁ እናቷ አጠገብ ሆኜ እጨርሳለሁ ብላ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። ከዚያ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በዚያ አገር ውጤት የሚሰጠው ከሃያ ነው። አሥራ አራት ያገኘ ተማሪ ጎበዝ ይባላል፤ ሃያ ግን አስተማሪዎቹም አያገኙትም ይላሉ። መሥሪያ ቤትዎ በእጇ የነበረውን የሁለት ዓመት ካርድ ተመልክቶ፣ አሥራ አራቱን በአምስት አባዝቶ፣ ሰባ አድርጎ «መካከለኛ» ብሎ ጻፈላት። ስሌቱን እኔም ደግሜ ሠርቼዋለሁ፣ ስሕተት የለበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሳሳድጋት ያላየሁባትን መካከለኛነት በአንድ ማባዛት ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ወንዝ እንዴት እንደሚገደብ የተማረችውን ልጅ «የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም» የሚለውን የአንደኛ ዓመት ትምህርት ስላልወሰደች ጎደሎ ናት ብላችኋታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመዳህ ጀምሮ ሱቄ ወለል ላይ፣ በመጻሕፍት ክምር መሐል ስትኖር የምስክር ወረቀት አልሰጠኋትም።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ይረዝማል፣ ይታገሱኝ። መመሪያዎ ትራንስክሪፕቷ ከቀድሞ ዩኒቨርሲቲዋ ታሽጎ እንዲመጣና ሳይከፈት እንዲቀርብ ያዛል። ስድስት ወር ጠበቅን። ፖስታው የደረሰ ዕለት ልጄ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ባለቤቴ፣ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት የቆየ፣ ፖስታውን በእጄ አይታ «እስክትመረቅ አልቆይልህም፤ እስቲ አሁን አንብብልኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? የወረቀት ቢላዬን አንስቼ ከፈትኩት። ከአንደኛ ዓመት ጀምሬ ሠላሳ አንዱንም ትምህርት ከነውጤቱ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «የፈሳሾች እንቅስቃሴ፣ አሥራ ሰባት» ስል አስቆመችኝና «እሱን ድገመው» አለች። ደገምኩት። ስጨርስ «በቃ፣ ተመረቀች» ብላ ዓይኗን ከደነች። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናት።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ወረቀት ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን ፖስታ መልሼ ባሽገው ኖሮ እርስዎ ቀርቶ ያሸገው ሰው ራሱ አይለየውም ነበር። ነገር ግን የመስኮት ቁጥር አራት ሠራተኛም እናት ይኖራቸዋል ብዬ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። በጥሞና አዳመጡኝ፣ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ፣ ከዚያም «ዋጋ የለውም» የሚለውን ቀይ ማህተም መቱበት። ስለ ከንፈር መጠጣው በተለይ አመሰግናለሁ፤ በመመሪያው ውስጥ ስለሌለ ከራሳቸው የሰጡኝ ነው።

አራተኛ፤ ከሐዘኑ በኋላ እንደገና ያስላክነው ሁለተኛው ፖስታ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶ መጣ፣ እንደታሸገ። ትምህርቱን አቋርጦ ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ከአንደኛ ዓመት ይጀምራል የሚለው አንቀጽ ግን በአሥራ አንድ ቀን ቀድሞት ደርሷል። ቀን በመቁጠር ላይ ያላችሁን ጥንቃቄ ማድነቅ ይገባኛል።

ልጄ ከአንደኛ ዓመት አልጀምርም ብላ አሁን ከእኔ ጋር ትጠርዛለች። ባለፈው ወር አንድ የውሃ ምህንድስና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ መጣ። ገጾቹን ስትደረድር አንዱ ላይ ቆመችና፣ የግድቡ ስሌት እንደተሳሳተ በትሕትና አሳየችው። ልጁ አርሞ አመጣው፣ ጠረዝንለት፣ ስሙን በወርቃማ ፊደል ያተመችለትም እሷ ናት። አመስግኗት ሄደ። እሷ ወደሚቀጥለው ጥራዝ ዞረች፤ እኔ ግን ሙጫውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁና አለቀስኩ።

ፖስታውን ለምን ከፈትክ ብላ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። የልጄን ሕይወት በገዛ እጄ እንደቀደድኩት አውቃለሁ፤ የባለቤቴን ፊት ሳስታውስ ደግሞ መጸጸት ያቅተኛል፤ በእነዚህ በሁለቱ መሐል ልቤ ተሰብሮ ቀርቷል። ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስላት «አባዬ፣ ተወው። እማዬ ሰምታዋለች» አለችኝ። እኔ ግን አልተውኩትም።

ለእርስዎ ጤና፣ ለማህተሞችዎ የማይደርቅ ቀለም፣ ለቁምሳጥኑ የማይዝግ ቁልፍ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አባባ ሙጫ
መጽሐፍ ጠራዥ፣ የአንዲት «መካከለኛ» ልጅ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተሻሻለው መመሪያችሁ ለጥረዛ ወደ ሱቄ ተልኮልኛል። የላካችሁበት ፖስታ ተከፍቶ ነው የደረሰኝ። ዋጋ የለውም ብዬ አልመለስኩትም፤ ልጄ ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ሙሉ መሆኑን አረጋግጣለች፤ ተጠርዞ ተዘጋጅቷል፤ ሰው ልካችሁ ውሰዱ።