ያላመመው እግር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3
ሚስቴን ኦፌይናን እሾህ ወጋት። ግራ እግሯን፣ ተረከዟ ላይ። ለምንጣፍ የሚሆን እሾሃማ ቅጠል ጓሮ ቁጭ ብላ ስትልጥ ቆይታ፣ የጣለችውን እሾህ ራሷ ረግጣዋለች። አላወቀችም። ደሙን ወለሉ ላይ ያየሁት እኔ ነኝ።
"አያምሽም?"
"ኧረ ምንም።"
በመርፌ አወጣሁላት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5
እሁድ የስብከት ተራዬ ነው። ምንም አልመጣልኝም። ለቤተ ክርስቲያን በደሴታችን ወግ ልብሳችን ላይ የምንታጠቀው የቅጠል ምንጣፍ ወገቤን ልጦታል፣ ያሳክከኛል። ማሳከክን ግን አምና ሰብኬዋለሁ። ኃጢአት እንደዚያ ነው፣ ሲያኩት ይጥማል፣ ኋላ ይቆስላል... ስቅታንም ሰብኬያለሁ። የጆሮዬን ጩኸትም። ፓስተሩ፣ ፌሌቲ የሚያስነጥሰው ለስብከት ነው ብሎ ሰው ፊት ቀልዶብኛል።
የኦፌይና እሾህስ?

እሁድ፣ ሰኔ 8
እሾሁን ሰበክሁ። ሐዋርያው መውጊያው እንዲነሳለት ሦስት ጊዜ ለምኖ እንዳልተነሳለት ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ሚስቴ ዞርኩ። ተወጋች፣ ደማች፣ አላመማትም አልኩ። በልቡ ሰላም ያለው ሰው እሾህ ይገባበታል፣ ሕመም አይገባበትም።
ከሴቶቹ ወገን "ማሊኤ! ማሊኤ!"፣ እሰይ እሰይ፣ ተባለልኝ። አራት ጊዜ። ለአንድ ስብከት ይህን ያህል ተብሎልኝ አያውቅም።
ኦፌይና አንገቷን ደፍታ ነበር። አፍራ ነው ወይስ ኮርታ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 19
ቁስሉ አልደረቀም። የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ሴቶች እየመጡ ያዩታል። ጎደሬ ያመጣሉ፣ ዓሣ ያመጣሉ። ዛሬ ሜሌናይቴ ለእህቷ ልታሳይ ጣቷን ቁስሉ ዳር ላይ ጫን አደረገች። "ይኸው፣ አላልኩሽም?" ኦፌይና ሳቀችላቸው።
ሲወጡ፣ "መግቢያ ማስከፈል አለብህ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24
ሽታ አለው። ቅጠል ቀቅለን አጠብነው።
ክሊኒክ እንሂድ አልኳት ብዬ ልጽፍ ነበር። አላልኩም። ያነሳችው እሷ ናት።
"ክሊኒክ ብሄድ ሰው ምን ይላል?"
ቅጠሉን ጨመቅሁት።
"ስብከትህስ?"
"እግዚአብሔር ያውቃል" አልኩ። ይሄ መልስ ነው?
ፓስተሩ ያንኑ ስብከት ሐምሌ 6 ለደሴቱ ምእመናን ሁሉ እንድደግመው መድቦኛል። ያንን ነበር የማስበው። ሌላ ማንም አያነበውምና ልጻፈው... ያንን ነበር የማስበው።

እሁድ፣ ሰኔ 29
ሁለት የእግር ጣቶቿ ጠቁረዋል። ክሊኒኩ ዛሬ ዝግ ነው። ነገ።

ሰኞ፣ ሰኔ 30
ነርሷ አናሴይኒ ናት። ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኳት ልጅ። ኦፌይናን ጣሪያ ጣሪያውን እንድታይ አድርጋ፣ ውስጥ እግሯን በእስክሪብቶ ጫፍ ነካካችው።
"አሁን ነካሁዎት እማማ?"
"አልነካሽኝም።"
ነክታታለች። አምስት ቦታ።
ስኳር ነው አለች። ዓመታት የቆየ፣ እግሯን ያደነዘዘ። ዛሬውኑ ሆስፒታል እንድንሄድ ወረቀት ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።
"ቢያማቸው ኖሮ በማግስቱ ይመጡ ነበር፣ ጋሽ ፌሌቲ። አለማመሙ ነው በሽታው።"
ወረቀቱን እየሰጠችኝ፣ "ስብከቱን ሰምቼዋለሁ" አለች።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4
ቆረጡት። ከጉልበቷ በታች።

እሁድ፣ ሐምሌ 6
ሌላ ሰው ሰበከ። ከአምልኮ በኋላ ፓስተሩ ሆስፒታል መጣ፣ ጸለየ። እጄን ይዞ፣ "ወንድም ፌሌቲ፣ ከዚህም የምንማረው አለ" አለኝ።
ይኖር ይሆናል። የኔው ቃል ነው፣ ስንቱን አልጋ ላይ የተኛ ሰው ብዬዋለሁ።
ኦፌይና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16
ቤት ከገባች ሦስት ቀን ሆናት። ቁስሏን ለማስጠረግ በየሁለት ቀኑ ክሊኒክ አመላልሳታለሁ። አናሴይኒ ፋሻውን ስትፈታ እኔ ደጅ እቆማለሁ።
ጠዋት፣ "እግሬን ያሳክከኛል" አለችኝ።
"የቱን?"
"የሌለውን። ተረከዜን።"
"በጣም?"
"እሾሁ ገና አሁን የገባ ይመስለኛል።"
ወጥቼ ወረቀት አነሳሁ። "የሌለ እግር ሲያሳክክ..." ብዬ ጀምሬ ኖሯል። እጄ ነው የጀመረው። ቀደድኩት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18
መንጋጋ ጥርሴ ያመኛል። ትምህርት አልፈለግሁበትም። ጥርስ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22
አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነው የምጽፈው።
ፓስተሩ ስብከቶቼን በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትማቸው ፈልጎ ከተማ ወደሚገኘው የማኅበሩ ቢሮ ላከኝ። እኔ እያነበብኩ ጸሐፊዋ ትተይባለች። እምቢ ማለት አቃተኝ። ኦፌይናም፣ "ሂድ፣ ቢያንስ ከቤት ትወጣለህ" አለች።
የማሳከኩ ስብከት ተነቦ አለፈ። ስቅታው አለፈ፣ ልጅቷ ሳቀች። እሾሁ ጋ ደረስን።
"ሚስቴን እሾህ ወጋት፤ አላመማትም" ብዬ አነበብኩ። ተየበችው።
ወረቀቱ ላይ የሚቀጥለው ስለ ሰላም ነው። ወረቀቱን ገለበጥኩት።
"ከዚያስ?" አለች፣ ጣቷን ሳታነሳ።
"ከዚያ አራት ሳምንት ሙሉ ክሊኒክ አልወሰድኳትም።"
ዞር ብላ አየችኝ። "ይሄም ይጻፍ?"
"እሱ ይጻፍ።"
ጻፈችው። ተነሣሁ። ገና ስድስት ገጽ ይቀራል እኮ ጋሼ አለች። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ትቼላት ወጣሁ።
አናሴይኒ ፋሻውን የምትፈታው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ደጅ አልቆምም።
አውቶቡሱ መጣ።