ስለ «ነጭ ክንፍ» እውነት ያልከውና ያጋነንከው

ለውድ ወንድሜ ለሳህሉ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ ሞተር ልትፈታ ጎንበስ ባልክ ቁጥር አሁንም ያስጮህሃል? ሰላማዊትስ እንዴት ናት? ትዕግሥት አዲሱን ክፍሏን ለመደችው? ክረምቱስ ወጣላችሁ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጌታነህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት ውስጥ ያልነካካው ነገር የለም፤ ባለፈው ሳምንት የበሩን ማጠፊያ ሲያስተካክል ውሎ ማታ በሩ አልዘጋ ብሎን አደረ። እኔም እዚሁ ሸዋ በር፣ ሱቄ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዬ ጋር አለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ማንሳቴ ሳይገርምህ አይቀርም። ስለ ጀልባዋ ባነሳን ቁጥር አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ አንዳችን እንዘጋዋለን። ወረቀት ግን ቢያናድድህም አስቀምጠህ ተመልሰህ ታነበዋለህ። አንተና ዮሲ ከተኳረፋችሁ ይኸው አምስት ወር ሆናችሁ። «ከዚያች ጀሪካን ላይ ካልወረድክ አጎቴ ብለህ እንዳትጠራኝ» ያልከውን ልጄ እስከ ዛሬ በልቡ ይዞታል። አንተም እንደያዝከው አውቃለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርህና ፍርዱን ለራስህ ልተውልህ።

ነገሩን ከሥሩ አላጫወትኩህም መሰለኝ። የሐረማያ ሐይቅ በልጅነታችን አባባ ይዞን የሚሄድበት፣ ኋላ ደርቆ ሰው ጎመንና ድንች የተከለበት፣ ተመልሶ ሞልቷል። ነስሮ የሚባል ገበሬ አለ፤ የዮሲ ባልንጀራ ነው። ውኃው ሲመለስ የነስሮ እርሻ ግማሹ ከሥር ቀረ። ሌላው ሰው ሲያማርር እሱ ግን፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ውኃው የራሱን ቦታ ነው የወሰደው፤ እኔ ነኝ ቤቱ ገብቼ የነበርኩት» ብሎ ከጎረቤቶቹ ጋር ማኅበር አቋቋመና ጀልባ አስመጡ። ዮሲም ባጃጁን ለቆ ከእነሱ ጋር ገባ። ያስመጧት ጀልባ ያቺ አንተ ጀሪካን እያልክ የምትጠላት «ነጭ ክንፍ» ናት። አሁን እንደምሰማው ሐይቅ ባለበት ሁሉ ሰው የሚገዛው እሷን ነው፤ የሚሰድባትም የዚያኑ ያህል ነው።

አንተ ስትሰድባት ሦስት ነገር ብለህ ነበር፤ በደንብ አስታውሳለሁ። ሞተሩ የሚንጠለጠልበት ኋላዋ ይሰነጠቃል አልክ። የውኃ ማፍሰሻዋ ቡሽ ልል ነው አልክ። ውኃ የገባባት ቀን እንደ ድንጋይ ትሰጥማለች አልክ። ሃያ ዓመት ጣና ላይ የጀልባ ሞተር የሠራ ሰው ነህና እኔ አመንኩህ። ዮሲን ተው ብዬ ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፤ አንድ ሰሞን ምሳ ሳልቋጥርለት ሁሉ ቀርቻለሁ። እሱ ግን፣ «አቦ እማ፣ በስልክ ወሬ ከምትፈሪያት መጥተሽ ተሳፍረሽ ፍሪያት» አለኝ። እኔም እልህ ያዘኝና መስቀል ባለፈ በማግስቱ ጌታነህን አስከትዬ ሄድኩ።

ጌታነህ ዳር ላይ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና፣ «እኔ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ» አለ። አርባ ዓመት በዚያ በቁልቢ ዳገት የጭነት መኪና ያንከባለለ ሰው! እኔ ተሳፈርኩ። አብረውኝ የነስሮ ሚስት ሪሃና፣ ለሽርሽር ከድሬዳዋ የመጡ አንድ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ነስሮና ዮሲ ነበሩ። የድሬዳዋው ሰውዬ አራት ወንድሞቻቸውም አብረዋቸው ካልተሳፈሩ ብለው ያዙ። ዮሲ፣ «ጋሼ፣ የምትችለው ስምንት ነው፤ ሁለት ይምጡ፣ የቀሩት በሚቀጥለው» አላቸው። እሳቸው፣ «ባጃጅህ ላይ ስድስት ስትጭን ኖረህ ዛሬ ሕግ አስተማሪ ሆንክብን?» ብለው ሰደቡት። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ሳህሉ፣ ልጄን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ብቻ ሞተሩን አላስነሳም። በመጨረሻ አራቱ ወንድሞች አኩርፈው ዳር ላይ ቀሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝልህ። ከጀልባዋ ጋር የሚመጣውን ላይፍ ጃኬት ሳጠልቅ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደ ስፌቱ ነው። ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ማሰሪያው ግን በአንድ ነጠላ መስመር ተሰፍቶ ጫፉ እንኳ አልታጠፈም። እኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ እንደዚያ ሰፍቼ ብሰጥ ደንበኛዬ ፊቴ ላይ ይወረውረዋል። እናም ገና ሳልሳፈር ከወቃሾቹ አንዷ ሆኜ ነበር።

ከዳር ስንርቅ ግን ልቤ ተከፈተ። ውኃው ጸጥ ብሎ፣ ነጫጮቹ ወፎች ከፊታችን እየተነሡ፣ ያ ከአወዳይ የሚመጣው የመኪና ጩኸት ጠፍቶ። ሪሃና ከእርሻቸው በላይ እየሄድን መሆኑን በጣቷ ታሳየኛለች፤ «እዚህ ጋ ድንቹ ነበረ፣ እዚያ ጋ ሰላጣው» እያለች ትስቃለች። እኔም ስስቅ እግሬን በረደኝ። ፍንጣቂ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። «ዮሲ፣ ውኃ አለ» አልኩት። ዞር ብሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ቡሹ ወልቆ ሄዷል።

ሞተሩን አጠፋ። የድሬዳዋው ሰውዬ ብድግ ሲሉ ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች፤ ሚስታቸው ጮኹ። ዮሲ፣ «ይቀመጡ ጋሼ! መሐል ላይ፣ ባሉበት ይቀመጡ!» አለ። ተቀመጡ። ነስሮና ሪሃና በባልዲና በተቆረጠ ጀሪካን ውኃውን መድፋት ጀመሩ፤ ሪሃና «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለች፣ እኔ ገብርኤልን እየጠራሁ፣ እጃችን ግን አንድ ላይ ይሠራ ነበር። ውኃው ጉልበቴ ደረሰ፤ መቀመጫውንም ነካ። አሁን አበቃልን አልኩ። ጀልባዋ ግን ከዚያ በላይ አልወረደችም። ሆዷ ሞልቶ፣ እኛንም ይዛ፣ ልክ ውኃ እንደ ጠጣ ቀሚስ ከብዳ ተንሳፈፈች። ኋላ ነስሮ እንዳስረዳኝ ጎንና ጎኗ ውስጥ ውኃ የማይጠጣ ፎም ተጠቅጥቆበታል። እንደ ድንጋይ ትሰጥማለች ያልከው፣ ወንድሜ፣ እሱ ልክ አልነበረም። ይህን በጉልበቴ መስክሬ ነው የምነግርህ።

ዮሲ በዚያን ጊዜ ውኃው ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ቀዳዳውን በእጁ ይፈልጋል። አገኘውና በሌላው እጁ ከመቀመጫው ሥር በገመድ የታሰረ ነገር በጠሰ። የብስክሌት ጎማ ላስቲክ የተጠቀለለበት የእንጨት ውታፍ ነው። በጡጫው መትቶ ወተፈው። ውኃው መግባቱን አቆመ። ከዚያ እየደፋን እየደፋን ቀስ ብለን ዳር ደረስን። ጌታነህ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጠበቀን፤ ጫማዎቹ ግን በእጁ አልነበሩም፤ የት እንደጣላቸው እስከ ዛሬ አላወቀም።

ዳር ላይ ልብሴን እየጨመቅሁ፣ «ያንን እንጨት ማን ቀረጸልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ቀና ሳይል የጀልባዋን ገመድ ከዳር አሰረ። ከዚያ፣ «ጋሼ ሳህሉ ሲቆጣኝ የቡሹን ነገር ተናግሮ ነበር። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁበት። በማግስቱ ቁጭ ብዬ ሳስበው ልክ መሰለኝና የዋንዛ እንጨት ፈልጌ ቀረጽኩ። እንዳትነግሪው» አለኝ። ይኸው ነገርኩህ። እኔን፣ ልጅህን ዮሲን፣ ሪሃናንና ነስሮን፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸውን ባልና ሚስት ያተረፈን ያንተ ወቀሳ ነው።

የኋላዋ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ያን ዕለት ጀልባዋን አውጥተው ገልብጠው ሲያዩ ሞተሩ ካለበት ቦታ አንዲት ጭረት አልተገኘባትም። ነስሮ ገና ከመጀመሪያው ውስጧ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ሰው ሁሉ ቢስቅበትም፣ ከተፈቀደው የማይበልጥ ትንሽ ሞተር ነው ያስገጠመው። ከጎናቸው የቆመችው የሌላ ማኅበር «ነጭ ክንፍ» ግን ትልቅ ሞተር ተሸክማ በሦስት ወሯ ኋላዋ ተሰንጥቋል። እኔ ስለዚህ ለመናገር አፍ የለኝምና ሐይቃችንን እንደ ጣና ካለ ሰፊ ውኃ ጋር አላወዳድርም፤ እዚያ ትንሽ ሞተር እንደማያዋጣ ገምቻለሁ። ያም ሆኖ ያ ጽሑፍ እንደ ሽቶ ብልቃጥ ጽሑፍ ደቅቆ የተጻፈ ነው፤ ሰው ካላነበበው ጥፋቱ የሰው ብቻ ነው አልልም።

እንግዲህ የእኔን ከጠየቅኸኝ ጀልባዋ ጨርቋ ደኅና ሆኖ ክሯ የረከሰ ልብስ ናት። ሊጥሏት አይገባም፤ እንዳለች ሊለብሷትም አይገባም።

የባልንጀራህን የዓለሙን ነገር ሳላነሳ ልቋጨው አስቤ ነበር፤ ግን ልቤ እምቢ አለኝ። ከእንደዚህ ያለች ጀልባ ላይ ወድቆ ከቀረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እኔ እስከ ዛሬ ቁጣህን ኩራት አድርጌው ነበር፤ የልጁ አለመታዘዝ ያስቆጣህ መስሎኝ ነበር። ውኃው ጉልበቴን ሲያልፍ ነው የገባኝ። ስልኩን የምትዘጋብን ተናደህ ሳይሆን ድምፅህ ሲሰበር እንዳንሰማ ነው። ከእህትህ ምን ይደበቃል? አባባ የሞተ ጊዜም ወጥተህ እንጨት ስትፈልጥ ነው የዋልከው። ዓለሙን የጣለው ቡሹ ይሁን ሞተሩ ወይስ ነፋሱ፣ አላውቅም፤ አልጠይቅህምም። እንድታውቅልኝ የምፈልገው ዮሲ ቃልህን ሰምቶ እንደሠራበት ብቻ ነው።

አሁን ሁሉም ነገር መልካም ነው። ዮሲ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ቡሽ ሳይገኝ አላወርዳትም ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ አቆማት። እዚህ ሐረር ያለ አንድ ባትላሜራ፣ የእነዚያን አሮጌ ታክሲዎች አካል ሲጠግን ያረጀ ሽማግሌ፣ ጥርስ ያለው የናስ ቡሽ ሠራላቸው። ማኅበሩም አዲስ አበባ ላለው ሻጭ ጻፈ። መጀመሪያ የመጣው መልስ «በደንብ ስላላጠበቃችሁት ነው» የሚል ነበር። ነስሮ ተናዶ ዳግመኛ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ያለ ምንም ደብዳቤ አራት አዳዲስ ቡሾች በካርቶን ደረሱ። ጥፋታቸውን አላመኑም፤ ቡሹ ግን ወፍራም ነው። ላይፍ ጃኬቶቹን ሁሉ እኔ እዚህ ሱቄ አምጥቼ ማሰሪያቸውን በድርብ ሰፋኋቸው፤ ነስሮም ስለዚህ እኔን «የማኅበሩ ኢንጂነር» ይለኛል። ዮሲ ከነስሮ ዘንድ ዋና እየተማረ ነው፤ እስካሁን እንደ እንቁራሪት ነው የሚዋኘው፣ ግን አይሰጥምም። ባለፈው እሑድ እንደገና ወረደች፤ እኔም ተሳፈርኩ። ጌታነህም ተሳፈረ፣ ብታምንም ባታምንም።

ለሰላማዊት ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ የላከችው የበርበሬ ቅመም አልቆ ዕቃው ብቻ ቀርቶናል በላት። ትዕግሥትን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ለልደቷ ቀሚስ እየሰፋሁላት ነው፣ ቁመቷን በክር ለክታ ትላክልኝ። ጎረቤታችሁን እመት አዛሉን እጅ ነሥቼያለሁ። የዓለሙን እናት ስታገኛቸው ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ምንም አትበላቸው፣ ብቻ ሳማቸው። ጌታነህ ሰላም ብሎሃል፤ የበሩን ነገር እንዳልነግርህ ለምኖኝ ነበር፣ ረፍዶበታል። ነስሮና ሪሃናም ሳያውቁህ ሰላም ይሉሃል።

ዮሲ አጠገቤ ቆሞ ይህን ስጽፍ አይቶ መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ። «ሰላምታ አትጻፊልኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ» አለኝ። እንዳለኝ እጽፍልሃለሁ፦ «ጋሼ፣ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ ሞተሩን ልጨምር ወይስ ልቀንስ?» መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ፤ ስለ ነፋስ ምን አውቄ። ለእሱ ደውልለት።

የምትወድህ እህትህ
በለጡ

ሐረር፣ ሸዋ በር
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.