የካፒቴኑ ቢጫ ፊት

ሷሊሕ፣

እንኳን ደስ ያለህ! የሮቢት ንዳድ ያልጣለውን ጣሊያን አንተ በብሩሽ የወፍ በሽታ አስያዝከው።

ቀለም የቀባህለትን የካፒቴኑን ፎቶግራፍ ዛሬ ጠዋት አንድ ባንዳ መልሶ አመጣው። ፋኖሱ ሥር ስትቀባው እውነትም ያምር ነበር። በፋኖስ ብርሃን ቢጫ ቀለም ገርጥቶ ስለሚታይህ ደጋግመህ ትደርብበታለህ፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ሰውየው እርድ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። መስኮቱን ክፈት ስልህ አቧራ ይገባል አልክ። ይኸው አቧራ አልገባም፤ ባንዳ ገባ።

ካፒቴኑ ምስሉን ለሚስቱ ሊልክላት ኖሯል። ሆን ብለው አዋረዱኝ እያለ ነው አሉ።

የቀሩትን ፎቶግራፎች ደጅ ወጥተህ ቅባ። ፊቱን ከመንካትህ በፊት ነጭ ልብሱን እይ፤ ነጩ ነጭ ካልመሰለህ ብሩሹን አስቀምጥ። በተለይ የእትዬ ጣይባን ሙሽራ ልጅ አደራ፣ ባሏ አይቶ እንዳይመልሳት።

ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ። የእኔንም ድርሻ ብላው።

ባንዳው «ቀቢው ማነው?» ሲል አንተ ጀውሃ ገበያ ነበርክ። እኔ ነኝ አልኩት። ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።
ተከትለኸኝ እንዳትመጣ። እንዳታመሰግነኝም።

የእኔ ፎቶግራፍ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ካልተመለስኩ ቀለም ቀባውና ጣርማ በር ላለችው እናቴ ላክላት። ግን እባክህ ውጭ ወጥተህ ቅባው። በፋኖስ ከቀባኸኝ፣ ልጄን የገደለው በሽታ ነው ትላለች።

ጥላዬ