ከመጨረሻው ቁልፍ የጀመሩት እናት

እናታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ታላቅ እህታቸው ዓመቱን በአንድ ይቀንሱታል፤ ትክክለኛውን ማረጋገጥ አልተቻለም። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት መስፊያ ቤት ተቀጠሩ። በ1967 ዓ.ም. ሹፌር ከነበሩት አባታችን ጋር ተጋብተው ሴት ልጅ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ወንድ ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው በ1985 ዓ.ም. አርፈዋል።

ወንድ ልጃቸው ሲወለድ በደረሰበት ጉዳት እጁና እግሩ እንደ ልብ አይታዘዙትም፤ ንግግሩም ዝግ ያለ ነው። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ ነገሯቸው። እናታችን አልተከራከሩም። ልጁን ያሳደጉት በመስፊያ ቤቱ ለማጅ በሚሠለጥንበት መንገድ ነው። ለማጅ መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ ከተሰፋ ልብስ ላይ የተረፈውን ክር መቁረጥ ነው፤ ይህ የስፌቱ መጨረሻ ስለሆነ ልብሱ በእሱ እጅ ተጠናቅቆ ይወጣል። እናታችንም ሸሚዙን አልብሰው የመጨረሻውን ቁልፍ ብቻ ይተዉለት ነበር። እሱን ሲለምድ ሁለቱን ተዉለት። አውቶቡስ ሲያስተምሩትም አንድ ፌርማታ ቀድመውት ይወርዱና የቀረውን እሱ ብቻውን ይሄድ ነበር።

አንዲት ጎረቤት ልጁ ከቁልፉ ጋር ሲታገል አይተው፣ «አንቺ፣ አንጀት የለሽም እንዴ? ቆልፊለት እንጂ!» አሏቸው።

«እኔ ስሞት እየመጣሽ ትቆልፊለታለሽ?» አሉ እናታችን። ጎረቤቷ አኮረፉ።

ይህ መንገድ ለሁሉም ልጅ ይሠራል ማለት አይቻልም። ለእሱም ቢሆን ያልተሳካ ነገር አለ፤ መጻፍ አልቻለም፣ ጢሙንም እስከ ዛሬ ድረስ ፀጉር አስተካካዩ ነው የሚላጨው። በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ያጥፋል። ጠርዙ ያልገጠመውን ዘርግቶ እንደገና ስለሚያጥፍ የሥራ ጓደኞቹ «አለቃ» ይሉታል። የራሱን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ እሁድ እሁድ እናቱ ቤት በእንግድነት ይመጣ ነበር።

እናታችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። እህታቸው፣ ሴት ልጃቸውና ወንድ ልጃቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከድካማቸው ያሳርፍልን።

አሁን የቤተሰቡን ምስጋና የሚያቀርበው ወንድ ልጃቸው ነው። ቃሉ ይዘገያል። መሐል ላይ ሲቆም፣ ቀጣዩን ቃል ብናውቀው እንኳ፣ እባካችሁ ማንም አይሙላለት።