ጓሳ ሲከፈት ስምህን ጠሩት

ደጀኔ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ ዘንድሮ መልስህን ፈራሁ።

ቤታችን ደህና ነው። ጠረጴዛህን ልጃችን ማርታ ወርሳዋለች፤ እንዳንተው ወረቀት ታዝረከርክበታለች፣ እኔም አንተን እንደምቆጣህ እቆጣታለሁ። ቢሮህን ለሌላ መምህር ሰጡት። ያልጨረስከውን ጥናት ግን ለማንም አልሰጠሁም። ከመንዝ አዲስ አበባ ገብተው በቀን ሥራ የሚኖሩትን ከተማው ነዋሪዬ አይላቸውም፣ መንደራቸውም ሄዱ አይልም። ታዲያ ቤትና ሕክምና ሲታቀድ የት ተቆጥረው ነው እያልክ ስትሟገት ስንት ራት ቀዝቅዞብናል።

ባለፈው ወር ጥናቱን ልጨርስልህ መጠይቅህን ይዤ ከመሐል ሜዳ ወደ ትውልድ መንደርህ ወጣሁ። በዝርዝርህ የመጨረሻው ቤት የእናትህ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ተቆልፎ የኖረ ቤት ነው፤ ቁልፉም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ክዳኑ ግን አዲስ ሣር ለብሷል።

ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ነገሩኝ። ጓሳ፣ ያ በጋራ የሚጠብቁት የሣር መሬታቸው፣ ለአጨዳ ሲከፈት የየቤቱ አባወራ ስም ይጠራል፤ አቤት ያለ ያጭዳል፣ ያልመለሰ ድርሻው ይቀራል። ከተማ የገባን ሰው ከመዝገብ መሰረዝ እዚያ ነውር ስለሆነ ያንተም ስም አለ። መሞትህን ያውቃሉ፤ ተዝካርህን በልተዋል። ቢሆንም ስምህ ተጠራ። ከማለዳው ጉም ውስጥ አንድ ሰው አቤት አለና ሳለ። ሁሉም ሰሙት፣ ያየው የለም። ጉሙ ሲገፈፍ ድርሻህ ታጭዶና ታስሮ ተገኘ፤ ጎረቤቶችም በሣሩ ቤቱን ከደኑት። እትዬ አስካለ ሳሉን አስመስለው አሰሙኝ። ደጀኔ፣ ያንተ ሳል ነው።

መጠይቁ ላይ ትናንት እዚህ ቤት ማን አደረ የሚለውን ጥያቄ የጻፍከው አንተ ነህ። ስለ እናትህ ቤት እትዬ አስካለን ስጠይቃቸው ስምህን ነገሩኝ። በሩን አልከፈትኩም። ፈራሁ፤ ከፍርሃቱ ግን ናፍቆቱ ባሰብኝ።

የጓሳው ኮሚቴ ስምህን ከመዝገቡ ለመሰረዝ የሚስቱን ቃል እንጠብቃለን ብሎኛል። ልሰርዝህ ወይስ ልተውህ፤ ከሰረዝኩህ የሚጠራህ አይኖርም። መጠይቁ ላይ እውነቱን ጻፍኩ፣ በሕይወት የለም ብዬ። በውሸት የተሞላ ጥናት ይዤልህ አልመጣም። የጓሳውን መዝገብ ግን እንዳይነኩት ነገርኳቸው።

አልረሳህም። ጓሳ ዳግመኛ ሲከፈት እሄዳለሁ፣ ከሰዉ መሐል እቆማለሁ። ስምህ ሲጠራ እኔ ዝም እላለሁ፤ አቤት ስትል ልስማህ።

ሚስትህ